ሰው ፊት የቆምኩ ዕለት

ከዓረብ አገር በተመለስኩ ሰሞን ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ነበር። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። እኔ ግን ከሐይቅ ከተማ ተሳፍሬ በውጫሌ መስመር ወደ እናቴ ቤት ስሄድ፣ መውረጃዬ ሲቃረብ ልቤ መምታት ይጀምራል፤ እጄ ይቀዘቅዛል፤ ጉሮሮዬ ላይ የሆነ ነገር ይቆማል። አፌን እከፍታለሁ። ድምፅ የለም። መታጠፊያው ያልፋል፣ ባሕር ዛፎቹ ያልፋሉ፣ የእናቴ ቤት ቆርቆሮ በመስኮቱ በኩል ብልጭ ብሎ ወደ ኋላ ይቀራል። ሌላ ሰው «ወራጅ» እስኪል ቁጭ እላለሁ። ከዚያ አብሬው እወርድና ያለፍኩትን መንገድ በእግሬ እመለሳለሁ።

«ምን ሆነሽ ነው ሁልጊዜ ከላይ በኩል የምትመጪው?» ትለኛለች እናቴ።

«እንቅልፍ ወስዶኝ አልፌው ነው።»

እሷም ከዚያ በላይ አትጠይቀኝም። እኛ ቤት ያኔ የማንጠያየቀው ነገር ብዙ ነበር።

ዓረብ አገር የሠራሁበት ቤት ውስጥ ድምፅ ማሰማት አይፈቀድም። የእመቤቲቱ እናት ታመው የተኙ ናቸው፤ ኮቴ እንኳ ይረብሻቸዋል። የምጠራው በደወል ነው። ደወሉ ሲጮህ እሮጣለሁ፣ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ «ሓድር» እላለሁ፤ እሺ፣ ታዛዥ ነኝ እንደ ማለት ነው። ዓመታቱን ያቺን አንዲት ቃል በሹክሹክታ እያልኩ ጨረስኳቸው። አገሬ ከገባሁ በኋላም ልማዱ አልለቀቀኝም። ስናገር አፌን በሻርፔ ጫፍ እሸፍናለሁ። ወሬ ጀምሬ መጨረሻውን እውጠዋለሁ። የሰው ስልክ በጮኸ ቁጥር ብድግ እላለሁ።

ድምፄን የወሰደው ግን ያ ቤት ብቻ አልነበረም። ከዚያ በፊት፣ መንገድ ላይ የደረሰብኝ ነገር ነበር። እሱን ለማንም አልተናገርኩም። እናቴ ታውቀዋለች፤ እሷም አታነሳውም።

ሐይቅ ከተማ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው ሴት የእናቴ የሩቅ ዘመድ ናቸው። እትዬ ነው የምላቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ሱቁን ብቻቸውን ይዘው የኖሩ፣ ሲስቁ ከአስፋልቱ ማዶ የሚሰሙ ሴት ናቸው። እናቴ ለምናቸው ሥራ አስገቡኝ። የገባሁ ሰሞን ጣቃውን አስተካክላለሁ፣ አቧራ እጠርጋለሁ፣ ደንበኛ ሲመጣ ከባንኮኒው ጥግ በርጩማ ላይ እሸጎጣለሁ። እትዬ ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና አንድ ቀን አንዲት ገበያተኛ ገብታ ከወጣች በኋላ ጠሩኝ።

«ለሴትዮዋ ምን አልሻት?»

«እንዴት አደሩ አልኳት።»

«እኔ አልሰማሁም። እሷም አልሰማችም። የኮራሽባት መስሏት ነው የሄደችው።»

በማግስቱ ስመጣ በርጩማዋ የለችም። «ቁመሽ ሥሪ» አሉኝ፤ «ተቀምጦ የታጠፈ ሰው ድምፁም አብሮ ይታጠፋል።» ሻርፔን ወደ አፌ ሳነሳ እጄን ይይዙኛል። ጨርቅ ስለካ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያልኩ ጮክ ብዬ እንድቆጥር አደረጉኝ። ዝም ብዬ ከለካሁ ጨርቁን ይዘረጉና እንደገና ያስለኩኛል። የሰው ዓይን ማየት እንዳቃተኝ ሲያውቁ ደግሞ «ዓይኑን ተይው፣ ግንባሩን እዪ። እሱ ዓይኑን ያየሽው ነው የሚመስለው» አሉኝ።

«ሰው ይስቅብኛል እትዬ።»

«ሰው አንቺን ሊሰማ መጥቶ ነው እንዴ? ጨርቅ ፈልጎ ነው የመጣው። ዋጋውን ንገሪው፣ በቃ።»

ስለ ሚኒባሱም ሳላስበው ነገርኳቸው። አልሳቁም። «መውረጃሽ ሲደርስ ነው ለመናገር የምትሞክሪው?» አሉ። አዎ አልኳቸው። «ስሕተትሽ እሱ ነው። እስኪደርስ ስትጠብቂ ፍርሃቱ ያድግና ጉሮሮሽን ይዘጋዋል። ገና በሩቁ ተናገሪ። ሰውነትሽ ሳያስብበት ቅደሚው።»

በዚያ ሳምንት ሞከርኩት። መኪናው ከከተማው እንደወጣ፣ የኔ ቦታ ገና ሩቅ ሳለ፣ «ወራጅ!» አልኩ። ከደረቴ ሳይሆን ከሌላ ሰው የወጣ መሰለኝ፤ በጣም ጮኼ ነበር። ሾፌሩ ደንግጦ ፍሬን ያዘ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ቦታዬ አይደለም ለማለት አፍሬ ወረድኩ። የመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሳቄም ለቅሶዬም ባንድ ላይ መጣ። ከዚያ እስከ እናቴ ቤት ረጅም መንገድ በእግሬ ሄድኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አሳልፎኝ የሄደ መኪና የለም።

ወራት አለፉ። ሱቅ ውስጥ መናገር ለመድኩ፤ ከገበያተኛ ጋር እስከ መከራከር ደረስኩ። አንድ ቀን የወረዳው የሴቶች ጉዳይ ባለሙያ የሆነች ልጅ ለቀሚስ የሚሆን ጨርቅ ልትገዛ መጣች። እየለካሁላት ከየት እንደሆንኩ፣ የት እንደነበርኩ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ሒሳብ ከፍላ ስትጨርስ አልሄደችም።

«ቅዳሜ በናንተ ቀበሌ ትምህርት ቤት ስብሰባ አለን» አለችኝ። «ስምንተኛ ክፍል የጨረሱ ልጆች በደላላ በባቲ በኩል ወደ በረሃው እየወጡ ነው። እኔ ብናገር የቢሮ ወሬ ነው ይሉኛል። በመንገዱ የሄደ ሰው ቢነግራቸው ይሻላል።»

«እኔ? ኧረ እኔ አልችልም።»

«ትንሽ ብቻ።»

«አልችልም አልኩሽ።»

ሄደች። እኔም ነገሩን ረሳሁት ልል ስል፣ በማግስቱ እናቴ ደወለች። የአጎቴ ልጅ፣ እንደ እህቴ አብራኝ ያደገችው፣ ልብሷን አጥባ በፌስታል ቋጥራለች አለችኝ። በጎረቤት ልጅ ስልክ ከአንድ ሰው ጋር ትነጋገራለች። ሰውየው ማን እንደሆነ እናቴ አልተናገረችም፤ ዝምታዋ ነገረኝ። ያው እኔን የላከኝ ደላላ ነው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሄጄ የአጎቴን ልጅ ከማሳው ዳር አገኘኋት። አትሂጂ አልኳት።

«አንቺ ሄደሽ መጥተሽ የለም?» አለችኝ። «ቤቱን ቆርቆሮ አለበስሽው። ምን ሆንሽ? ምንም አልሆንሽም።»

መልስ መስጠት ነበረብኝ። የሆንኩት ሁሉ ደረቴ ድረስ መጣና እዚያው ቆመ። እሷም ምንም እንዳልሆንኩ እርግጠኛ ሆና ሄደች። ስመለስ ለባለሙያዋ ደወልኩና እናገራለሁ አልኳት።

እትዬ የቀሩትን ቀናት ሲያዘጋጁኝ ሰነበቱ። «በቃል አትያዢ» አሉኝ፤ «አንዷ ቃል ከጠፋችብሽ ሁሉም ይጠፋል። የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ ያዢ። ከዚያ ያየሽውን በየተራው ተናገሪ። ቦታው ላይ ሰው ሳይመጣ ቀድመሽ ድረሺና ቁመሽ እዪው። ውሃ ያዢ። ሕዝብ አትዪ፣ አንድ ፊት ምረጪ። እኔ ራሴ ከፊት እቀመጥልሻለሁ፤ እኔን እያየሽ ተናገሪ።»

«ፍርሃቱስ መቼ ነው የሚለቀኝ?»

«እሱን አላውቅም ልጄ። እኔን አልለቀቀኝም።»

ሐሙስ ዕለት እትዬ ዕቃ ሊያመጡ ደሴ ሄደው ሱቁን ብቻዬን ይዤ ነበር። ደላላው ገባ። ደላላ ሲባል ሰው ክፉ ፊት ያስባል። ይህ ሰው ግን የታመመ የሚጠይቅ፣ ለቅሶ ቤት ቀድሞ የሚደርስ፣ ለሽማግሌ መቀመጫ የሚለቅ ሰው ነው። እኔን ሲሸኘኝም «አብሽሪ፣ አላህ ካንቺ ጋር ነው» ብሎ መርቆኝ ነበር።

«አሰላሙ ዓለይኩም» አለ።

«ወዓለይኩም ሰላም።»

«አቡጀዲ አለ?»

ጣቃውን አወረድኩ። አቡጀዲ እኛ አገር ለብዙ ነገር ይሆናል፤ ከሁሉ በላይ ግን ለከፈን ነው የሚገዛው። ሰው የሞተበት መስሎኝ «አላህ ይማራቸው፣ ማን አርፎ ነው?» አልኩት።

«ማንም አላረፈም። ለአንድ ሰው የሚበቃ ለኪልኝ። ቤት ውስጥ መኖሩ አይከፋም።»

ጨርቁን ዘረጋሁ። ጫፉን እሱ ያዘልኝ። አንድ ብዬ መቁጠር ጀመርኩ፤ ሁለት ላይ ድምፄ ጠፋ።

«ቅዳሜ ልትናገሪ ነው አሉ» አለ፣ ጫፉን እንደያዘ። «ማሻ አላህ። አንደበት ያላት ልጅ ደስ ትላለች። እናትሽ አሁንም ብቻዋን ናት አይደል?»

«አዎ።»

«በሩም ያው የድሮው ነው?»

ጨርቁን ቆረጥኩለት።

«ሰላም በይልኝ» አለና ከፍሎ፣ ጨርቁን አጣጥፎ በብብቱ ይዞ ወጣ። ባንኮኒውን ይዤ ቆምኩ። አንዲት ደንበኛ መጥታ አናገረችኝ፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ የምትለው አይሰማኝም።

እትዬ ማታ ሲመለሱ ነገርኳቸው። የሱቁን በር ዘግተው መቀርቀሪያውን ሳቡ። እሳቸውንም ፈርተው ያየኋቸው ያን ቀን ነው። «ብትቀሪ ማንም አይወቅስሽም» አሉኝ። «ከሄድሽ ግን ብቻሽን መንገድ አትውጪ። እናትሽም ለወንድማቸው ይንገሩ፤ ለቀበሌውም ይነገር። ተደብቀሽ አትፍሪ።» በዚያው ቀን ለእናቴ ደወልኩ። አጎቴ ከዚያ ምሽት ጀምሮ እሷ ቤት ማደር ጀመረ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ረከዓ ሰግጄ ከባለሙያዋ ጋር በቢሮው መኪና ሄድኩ። እትዬ ሱቁን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው በሚኒባስ ሊከተሉኝ ነው። እንደመከሩኝ ቀድሜ ደርሼ ባዶው የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ቆምኩ። ከበስተጀርባ የአምባሰል ገደል ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጠዋት ጠዋት ጥላው ሜዳውን ይሸፍነዋል፤ ይበርዳል። ቦታውን ማየቴ ጠቀመኝ ወይ? ሰው መምጣት ሲጀምር ግን ያየሁት ሜዳ ሌላ ሜዳ ሆነ። ሼኹና ቄሱ ጎን ለጎን ከፊት አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ልጃገረዶቹ ሣሩ ላይ፣ እናቶቹ አጥሩን ተደግፈው። እናቴ ከአጥሩ ጋ ነበረች። የአጎቴ ልጅ ከጓደኞቿ ጋር መሐል ላይ ተቀምጣለች።

ደላላው መጣ። ሽማግሎቹን አንድ በአንድ እጅ እየነሳ ጨበጠና ከሼኹ ቀጥሎ ተቀመጠ።

እትዬን ፈለግኳቸው። የሉም። በኋላ እንደሰማሁት የተሳፈሩበት ሚኒባስ ጎማው ፈንድቶ መንገድ ላይ ቆመው ነበር። ባለሙያዋ ግን ስሜን ጠርታ ሜጋፎኑን አስጨብጣኛለች።

ሜጋፎኑ ሲከፈት ሲጥ አለ። ሕፃናቱ ጆሯቸውን ይዘው ሳቁ። የያዝኳትን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ፈለግኳት፤ የለችም። ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፤ ቀሚሴ ከጉልበቴ ጋር ሲርገበገብ ከላይ ሆኜ አየዋለሁ። የሆነ ነገር አልኩ መሰለኝ።

«አልሰማንም!» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

እንደገና ሞከርኩ።

«አልተሰማም! ጮክ በይ!»

ደላላው እጁን ጭኑ ላይ አጣምሮ፣ እንደ አባት በትዕግሥት ያየኛል። መቀመጥ ፈለግሁ። ሓድር ብዬ አንገቴን ደፍቼ መቀመጥ። ያኔ የአጎቴ ልጅ ዓይን ዓይኔ ውስጥ ገባ። እያፈረችብኝ ነበር። ሌላውን ሰው ተውኩት። ሜጋፎኑን አስቀመጥኩና ለእሷ ብቻ መናገር ጀመርኩ።

«ባለፈው ምን ሆንሽ ብለሽኝ ነበር» አልኩ። «ልንገርሽ።»

ስለ በረሃው ነገርኳት። ውሃችን አልቆ የመኪናውን የራዲያተር ውሃ ስለ መጠጣታችን፣ እግሯ አብጦ መራመድ ስላቃታትና ትተናት ስለሄድን ልጅ። ባሕሩን ከተሻገርን በኋላ ግቢ ውስጥ ስለቆለፉብን ሰዎች። ሜዳው ጸጥ ማለቱን ያወቅሁት የባሕር ዛፉ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ስሰማ ነው።

«ስልክ ሰጡኝ» አልኩ። «እናትሽ ጋ ደውዪ አሉኝ። እናቴ ሃሎ ስትል ፕላስቲክ አቅልጠው ጀርባዬ ላይ አንጠባጠቡብኝ። እንድጮህ ነው። እሷ እንድትሰማና እንድትልክላቸው ነው። የዚያን ቀን ጮህኩ። ከዚያ ወዲያ ድምፄን ስሰማው ያ ቀን ይመስለኛል። የሆንኩት ይህን ነው።»

ከዚህ በላይ የምለው አልነበረኝም። ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ከአጥሩ በኩል የእናቴ ድምፅ መጣ።

«እውነት ነው» አለች። «ሰምቻለሁ። ስልኩን ይዤ እዚያ ማሳ ላይ ነበርኩ። በሬዎቼን ያሸጠኝ ያ ጩኸት ነው።» ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። «ስንቅ ቋጥሬ የሸኘኋት እኔ ነኝ። አትላኩ። ወላሂ አትላኩ።»

ያን ነገር በመካከላችን ጮክ ብለን ስንናገረው የመጀመሪያችን ነበር፤ እሱም በሰው ሁሉ ፊት።

ሼኹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ የወሰደሽ ማን ነው?» አሉኝ።

የእናቴ በር ታየኝ። አቡጀዲው ታየኝ። ስሙን መናገር አልቻልኩም። ዛሬም ቢሆን የምችል አይመስለኝም። ዓይኔ ግን ሳላዘው ሄደና እሱ ላይ አረፈ። የሼኹ ዓይን ተከተለ፣ የቄሱም፣ ከዚያ የሜዳው ሁሉ። ደላላው ትንሽ ፈገግ አለ። ኩታውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ተነሳ።

«ዙህር ደርሷል» አለና በሕዝቡ መሐል አልፎ ወጣ። መንገድ የለቀቀለት ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያይ ነበር። የቀትር ሰላት ሰዓት ገና ነበር።

ነገሩ እዚያ አለቀ ብል ደስ ባለኝ። ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ከሁሉ የከፉ ነበሩ። አንድ ምሽት የእናቴ ቤት ቆርቆሮ ላይ ድንጋይ ወረደ፤ ማን እንደወረወረው አልታወቀም። እናቴ ጓዟን ይዛ አጎቴ ግቢ ገባች። እኔ ሱቅ ውስጥ በር በተከፈተ ቁጥር ቀና የምለው በሰቀቀን ነው። እትዬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሱቁን ይዘጉና እስከ ቤቴ ይሸኙኛል። አንዳንድ የመንደር ሰው ሰላም ማለቱን ተወኝ፤ ልጆቻቸውን በደላላው በኩል የላኩና ወሬ የሚጠብቁ ናቸው፤ አልፈረድኩባቸውም። በዚያ ሜዳ ሣር ላይ ከተቀመጡት ልጆች ሁለቱ ሳምንት ሳይሞላ ሄዱ። ፊታቸውን አውቀዋለሁ። ስናገር ትምህርት እንደሚከታተል ተማሪ አገጫቸውን ይዘው ያዩኝ ነበር። አንደኛዋ እስካሁን አልደወለችም።

ደላላው ከጊዜ በኋላ ከቀበሌው ጠፋ። ሽማግሎቹ ጠርተው አነጋገሩት ይባላል፤ ሌላ ከተማ ገባ የሚሉም አሉ። የተከሰሰ ሰው የለም። የት እንዳለ አለማወቄ አንዳንዴ እዚያው ሆኖ ሳየው ከነበረው የባሰ ያስፈራኛል።

አሁንም ሲጠሩኝ በየትምህርት ቤቱ እሄዳለሁ። ያልተለወጠው ፍርሃቱ ነው። ከመናገሬ በፊት እህል አይወርድልኝም፤ እጄ ይቀዘቅዛል። የለወጥኩት ልማዶቼን ነው። ቀድሜ እደርሳለሁ። ሁለት እግሬን አራርቄ እቆማለሁ። ውሃ ጉሮሮዬን እስኪያርሰው አልጀምርም። ከሕዝቡ መሐል አንዲት ልጅ መርጬ ለእሷ እናገራለሁ፤ መጨረሻውን አልውጥም። ብቻዬን አልሄድም፤ ብቻዬንም አልመለስም።

የአጎቴ ልጅ አልሄደችም። ፌስታሉን የፈታችው በዚያው ቅዳሜ ማታ እንደሆነ እናቷ ነገረችኝ። አሁን ሐይቅ ከእኔ ጋር ትኖራለች፤ ከእትዬ ሱቅ በረንዳ ላይ በሲንጀር መኪና የልብስ ስፌት ትማራለች። በቅርቡ ዝናብ ገበያውን በትኖት ሥራ ፈተን ስንቀመጥ፣ ያን ቀን ከተናገርኩት የትኛው እንዳስቀራት ጠየቅኳት።

ክሯን በጥርሷ በጠሰች። «የተናገርሽውን ብዙም አላስታውሰውም» አለችኝ። «ቀሚስሽ ሲርገበገብ ነው ያየሁት። እንደዚያ እየተንቀጠቀጥሽ እንኳ አለመቀመጥሽ አስፈራኝ። ሰው እንደዚህ የሚያደርገው ምን ቢያይ ነው ብዬ አሰብኩ።»

«እኔ ደግሞ ያፈርሽብኝ መስሎኝ ነበር።»

«አፍሬም ነበር» አለች፤ መኪናውንም መልሳ መርገጥ ጀመረች።